በአጫጭር ቪዲዮና አኒሜሽን ማስተማር፦ ደሴ ላይ አንድ ዓመት ሞክሬው

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ለመምህራን። ደሴ ውስጥ 9ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ነው የማስተምረው፣ አምና ዓመቱን ሙሉ አጫጭር ቪዲዮና አኒሜሽን ክፍል ውስጥ ስጠቀም ነው የከረምኩት፣ እና ብዙ ሰው በውስጥ መስመር "ይሰራል ወይ? ከየት ላውርድ? ፕሮጀክተር ልግዛ ወይ?" እያለ ስለሚጠይቀኝ ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው አልኩ። የተጠቀምኩት ፔት የሚባለውን ሲሙሌሽን (ኮምፒውተር ላይ ራሳችሁ እየቀያየራችሁ የምትሞክሩት ማስመሰያ)፣ የካን አካዳሚን ቪዲዮዎች፣ እና ራሴ በፓወርፖይንት የሰራኋቸውን አኒሜሽኖች ነው። ማሳያው ትንሽ ፕሮጀክተር ነበር፣ እሱ ለብቻው ብዙ የሚያስወራ ነገር አለው፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ለቸኮለ ሰው መልሱን አስቀድሜ ልናገር፣ አዎ ይሰራል። ግን የሚሰራው ቪዲዮውን ማቆም ስለምትችሉ ነው። ከፍታችሁ ጥግ ይዛችሁ የምትቀመጡ ከሆነ ልጆቹ ደስ ይላቸዋል፣ ፔሬዱ ያልቃል፣ በማግስቱ ስትጠይቁ ምንም የለም።

ይህን የምለው የፕላዝማ ዘመን ተማሪ ስለሆንኩ ነው። የኔ እኩዮች በደንብ ታስታውሱታላችሁ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ቴሌቪዥን ገባላቸው ተባለና ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በሳተላይት መምጣት ጀመረ። ምስሉ ቆንጆ ነበር፣ አልዋሽም፣ አተም ሲሽከረከር መጀመሪያ ያየሁት እዛ ላይ ነው። ግን አይቆምም። ለመላው ሀገር በአንዴ ስለሚተላለፍ ጅማ ያለውም ጎንደር ያለውም እኛም እኩል ነበር የምናየው፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የምታስተምረው ሴትዮ ጥያቄ ትጠይቅና ትንሽ ሰከንድ ትሰጣለች፣ እኛ ገና ጥያቄውን ደብተር ላይ እየገለበጥን እሷ መልሱን ተናግራ ወደሚቀጥለው አልፋለች። አስተማሪያችን በጣም ጎበዝ ሰው ነበሩ፣ ፕላዝማው ሲዘጋ በቀረችው አስር ደቂቃ የማይሆን ነገር ሁሉ ሊያደርጉ ይሞክሩ ነበር፣ ፊታቸው ላይ የነበረው ድካም እስካሁን ይታየኛል። እና እኔ አስተማሪ ስሆን ስልኬ ላይ ያለውን ቪዲዮ በአንድ ጣት ማቆም መቻሌ ለሌላ ሰው ተራ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ለኔ ግን ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ፣ ከዛ ምን ለማለት እንደፈለግኩ ግልጽ ይሆናል። ስለ መፍላትና ስለ ትነት የሚያሳይ አራት ደቂቃ የማይሞላ አኒሜሽን ከፍቼ፣ ተራኪው ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል አለ። ፖዝ። "እዚህ ደሴስ?" አልኳቸው። ዝም አሉ። ከኋላ አንዱ "ቲቸር፣ ውሃ እኮ የትም ውሃ ነው" አለ፣ ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ ግምታችሁን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ ብዬ 52 ተማሪ ጻፈ፣ ዞር ዞር እያልኩ ሳይ ከሶስት አራት ልጅ በቀር ሁሉም 100 ነው የጻፈው።

ላብራቶሪያችን ብዙ ነገር የለውም። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ የብዙ ወሎ ትምህርት ቤቶች ላብራቶሪና ኮምፒውተር ተዘርፏል ወድሟል፣ እኛም ገና እየሰበሰብን ነው፣ ግን ሁለት ቴርሞሜትር አለን። የሻይ ክበቧን እትዬ ለምኜ ስቶቭና ድስት አስመጣሁ፣ "ምን ልትሰሩ ነው ልጄ፣ ድስቴን እንዳታቃጥሉ" እያሉ እሳቸውም በር ላይ ቆመው ቀሩ። አንዲት ልጅ ቴርሞሜትሩን ድስቱን እንዳይነካ በክር አንጠልጥላ ይዛ ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሌላው ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። 80፣ 85፣ 88፣ 90። ውሃው መንቀልቀል ጀመረ፣ 91፣ 92። ከዛ ቆመ። "ጠብቁ ይጨምራል" አሉ፣ ጠበቅን። እሳቱን ጨመርን፣ ውሃው በኃይል ይፈላል፣ እንፋሎቱ መስኮቱን አለበሰው፣ ቁጥሩ ግን 92 ላይ ነው። "ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል!" አለ ያው ውሃ የትም ውሃ ነው ያለው ልጅ፣ ሁለተኛውን አመጣን፣ እሱም 92።

ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ ናት፣ እዚህ ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው ሶስት አራተኛ ገደማ ነው፣ ከላይ የሚጫነው አየር ሲቀንስ ውሃው በትንሽ ሙቀት ይፈላል። ይህን መጽሐፍ ላይ አስር ጊዜ ብናነበው እንደዛ ቀን አይገባቸውም ነበር። እሳት ስንጨምር ለምን ቁጥሩ እንዳልጨመረም አብሮ መጣ፣ ምክንያቱም የጨመርነው ሙቀት ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመቀየር ነው የሚሄደው። እና አንዷ እጇን አውጥታ "ለዛ ነዋ ባቲ አክስቴ ጋ ንፍሮ ቶሎ የሚበስለው፣ እማዬ እዚህ ባቄላውን ከጠዋት ነው የምትጥደው" አለች። እትዬም በር ላይ ሆነው "እውነቷን ነው፣ ቆላ ቶሎ ይበስላል" አሉ። ከዛ ቪዲዮውን ካቆምኩበት አስቀጠልኩት፣ የቀረው አንድ ደቂቃ ስለ ግፊት ነበር፣ ወላሂ እንደዛ ጸጥ ብሎ የታየ አንድ ደቂቃ አላውቅም። የአራት ደቂቃ ቪዲዮ አንድ ሙሉ ፔሬድና ከሚቀጥለው ግማሹን ወሰደብኝ፣ አልቆጨኝም።

አሁን ወደ መሳሪያዎቹ።

ፔት በአሜሪካ የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ስራ ነው፣ የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው። ነፃ ነው፣ ምዝገባ እንኳን አያስፈልገውም፣ እና ለኛ ዋናው ነገር እያንዳንዱን ሲሙሌሽን አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት በብሮውዘር ይከፈታል፣ ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ለጓደኛ መስጠት ትችላላችሁ፣ ስልክ ላይም ይሰራል። እኔ በብዛት የተጠቀምኩት ስቴትስ ኦፍ ማተር የሚለውን፣ ጠጣር ፈሳሽና ጋዝን የሚያሳየውን ነው፣ እቃ ውስጥ ያሉ ሞሎኪውሎች ይታያሉ፣ ከስር እሳት ወይ በረዶ ትጨምራላችሁ፣ ኒዮን፣ አርጎን፣ ኦክስጅንና ውሃ መምረጥ ይቻላል፣ ከላይ ቴርሞሜትርና የግፊት መለኪያ አለው። ሙቀቱ ሲበዛ ክዳኑ ፈንድቶ ይሄዳል፣ ልጆቹ በጩኸት ነው የሚቀበሉት። እኔ ግን የምወደው ሌላ ነገር ነው፣ ቪዲዮ ያው አንድ መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው፣ ይህ ግን "ባቀዘቅዘውስ?" ሲሉ ወዲያው ታሳያላችሁ።

እዚህ ጋ አንድ ጥንቃቄ አለ። ልጅ ያየውን እንዳለ ነው የሚወስደው። ሲሙሌሽኑ ላይ ከበስተጀርባ ያለው ጥቁር ነው፣ አንድ ተማሪ "ቲቸር፣ በኳሶቹ መሀል ያለው ጥቁር ነገር አየር ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ምን ያህሉ እንደዛ ያስባል ብዬ እጅ አስወጣሁ፣ ከግማሽ በላይ። መሀላቸው ምንም ነገር የለም፣ ባዶ ነው ማለት ለልጅ ከባድ ነው፣ አየር ራሱ እንደነዚህ ካሉ ሞሎኪውሎች የተሰራ ከሆነ በሞሎኪውሎች መሀል አየር እንዴት ይኖራል ብዬ መልሼ ጠየቅኳቸው፣ እዛ ላይ ብዙ ቆየን። የሚፈላ ውሃ ውስጥ የሚወጣው አረፋም አየር ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፣ የውሃ እንፋሎት መሆኑን ሲሙሌሽኑ ላይ ሞሎኪውሎቹ ሳይሰበሩ ሲለያዩ እያሳያችሁ ነው ማስረዳት የሚቻለው። ደግሞም አተም ቀለም ያለው ኳስ እንዳልሆነ ቶሎ ቶሎ መናገር አለባችሁ፣ አለበለዚያ ፈተና ላይ "ኦክስጅን ቀይ ነው" የሚል መልስ ይመጣል፣ መጥቶብኛልም። ፕሮጀክተራችሁ ደካማ ከሆነ ደግሞ ሴቲንጉ ውስጥ ለፕሮጀክተር የተሰራ ምርጫ አለ፣ ጥቁሩን ወደ ነጭ ይቀይረዋል፣ እኔ ዘግይቼ ነው ያገኘሁት፣ በጣም ይለያል።

ካን አካዳሚን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ሳልማን ካን በ2004 እ.ኤ.አ. የአጎቱን ልጅ ከርቀት ሂሳብ ሲያስጠና ጀምሮት፣ በ2006 ቪዲዮዎቹን ዩትዩብ ላይ እየጫነ፣ በ2008 ድርጅት ያደረገው ነው። ትምህርቱ አንደኛ ነው፣ ሰውየው ፊቱን ሳያሳይ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ያስረዳል። ለአስተማሪ ለራሱ ዝግጅት ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ክፍል ውስጥ ግን የኛ ልጆች 8ኛ ክፍል ድረስ አብዛኛውን በአማርኛ ተምረው ነው የሚመጡት፣ 9ኛ ላይ ድንገት ሁሉም እንግሊዝኛ ይሆናል፣ የአሜሪካ ሰው ፍጥነትና አነጋገር ሲጨመርበት ጆሯቸው ይዘጋል። ስለዚህ እኔ ሚዩት አድርጌ ነው የማሳየው። ድምፁን እዘጋና በአማርኛ እኔ እናገራለሁ፣ ዋና ዋና ቃላቱን በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ አንዳንዴ አንድ ተማሪ ወጥቶ እንዲተርክ አደርጋለሁ፣ ሁለተኛ ዙር ላይ ድምፁን ከፍቼ አሳያለሁ። ሁለተኛው ላይ እንግሊዝኛውም ይገባቸዋል፣ ነገሩን አስቀድመው ስለያዙት። ይህን ሞክሩት፣ ምንም ብር አያስወጣም።

ርዝመት ላይ ሁሌ ጥያቄ ይነሳል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ የነ ፊሊፕ ጉዎ ጥናት ኢዴክስ የሚባለው የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታ አይቶ ከስድስት ደቂቃ በላይ የሆነ ቪዲዮ ብዙ ሰው እንደማይዝ አሳይቷል። ያ ግን ብቻውን ኮምፒውተር ላይ የሚያይ ሰው ነው፣ የኛ ክፍል ሌላ ነው። እኔ ከሶስት አራት ደቂቃ አላልፍም፣ ከዛ በላይ ከሆነ እቆርጠዋለሁ፣ ስልክ ላይ ባለ በማንኛውም ማቀናበሪያ ይቆረጣል። ዳታ ደግሞ በሌሊት ጥቅል ነው የማወርደው፣ ክፍል ውስጥ ኢንተርኔት አለ ብላችሁ ተማምናችሁ እንዳትገቡ።

የራሴ የፓወርፖይንት አኒሜሽን ላይ መጀመሪያ ተሳስቻለሁ፣ እና ብዙ አስተማሪ ሲሳሳት ስለማይ ልናገረው። ፕሮግራሙ ያለውን ጌጥ ሁሉ ነበር የተጠቀምኩት፣ ፊደል እየበረረ ይገባል፣ ርዕሱ ይሽከረከራል፣ ድምፅ አለው፣ ከስር ሙዚቃ። አንድ ሌሊት ሙሉ ነው የሰራሁት። በማግስቱ "ትናንት ምን ተማርን?" ስላቸው "ያቺ እየተንደረደረች የመጣችው መኪና!" አሉኝ፣ መኪናዋን ለማሳመር ብቻ ነበር ያስገባኋት። ሪቻርድ ሜየር የሚባል ተመራማሪ ይህን ለረጅም ዓመታት አጥንቶታል፣ ለትምህርቱ የማይጠቅም ምስልና ሙዚቃ ሲወጣ ተማሪ የበለጠ ይይዛል ነው የሚለው፣ እኔ በመኪናዋ አረጋግጫለሁ።

አሁን የሚንቀሳቀሰው በእውነትም የሚንቀሳቀስ ነገር ብቻ ነው። ለምሳሌ ሶዲየምና ክሎሪን። የሶዲየም የኤሌክትሮን አደራደር 2፣ 8፣ 1 ነው፣ የክሎሪን 2፣ 8፣ 7። ሁለቱን በክብ እሰራና የሶዲየሟን የመጨረሻ ኤሌክትሮን ብቻ በሞሽን ፓዝ (ነገርን በመስመር በሚያስኬደው የፓወርፖይንት መሳሪያ) ወደ ክሎሪን አስኬዳታለሁ። ሌላው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከመጫኔ በፊት "ወዴት ትሄዳለች? ለምን?" እላለሁ፣ ይከራከራሉ፣ ሲበቃቸው አንድ ክሊክ። ትንሿ ነጥብ ስትሄድ ክፍሉ ሁሉ በአይኑ ይከተላታል። ከዛ ቻርጁ ይለወጣል፣ ፕላስና ማይነስ ይመጣል፣ ሌላ ክሊክ። ሶስት ክሊክ ነው ሙሉ ትምህርቱ።

ሁለት ቴክኒካል ነገር፣ ብዙ ሰው ስለሚቸገርበት። አንደኛ ፊደል፣ በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት ከጻፋችሁ ያ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት አማርኛው ሁሉ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይመጣል፣ እኔ 50 ልጅ ፊት ነው የሆነብኝ። በዩኒኮድ ጻፉ፣ ደግሞም ሴቭ ስታደርጉ ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ አብሮ የሚያስገባ ምርጫ አለ፣ እሱን ምልክት አድርጉበት። ሁለተኛ፣ ሞርፍ የሚለው በጣም ቆንጆ ነው፣ አንድን ምስል ከአንድ ስላይድ ወደ ሌላው በራሱ ያንቀሳቅሳል፣ ግን አሮጌ ኦፊስ ላይ አይታይም፣ ዝም ብሎ ይደበዝዝና ይቀየራል። መፍትሄው ሁሉንም ወደ ኤምፒ4 ቪዲዮ ቀይሮ ፍላሽ ላይ ይዞ መሄድ ነው። ያኔ ግን ክሊክ የለም፣ የት ጋ ፖዝ እንደምታደርጉ አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ እኔ ሰከንዱን እጽፋለሁ፣ 0:42፣ 1:15 እያልኩ።

እና ፕሮጀክተሩ። እዚህ ላይ ተበድያለሁ፣ በደንብ። ከተማ ውስጥ ካለ አንድ ሱቅ ነው የገዛሁት፣ ከኪሴ፣ ከደሞዜ አጠራቅሜ። ካርቶኑ ላይ 4ኬ ይላል፣ የብርሃኑ ቁጥር ደግሞ በሺዎች ነው የተጻፈው። ሱቁ ውስጥ መብራት አጥፍተው ጨለማ ላይ አሳዩኝ፣ አማረኝ፣ ከፈልኩ። ክፍል ውስጥ በጠዋት ፀሐይ ስከፍተው ግድግዳው ላይ ጥላ የመሰለ ነገር ብቻ። በኋላ ስመረምረው የራሱ ትክክለኛ የምስል ጥራት 480 ነው፣ ከ4ኬ በጣም ያነሰ፣ 4ኬ ማለት የ4ኬ ፋይል ቢሰጡት ተቀብሎ አሳንሶ ያሳያል ማለት ነው እንጂ 4ኬ ያሳያል ማለት አይደለም። ብርሃኑም እንደዛው፣ ሊታመን የሚችለው አንሲ ሉመን ተብሎ የሚጻፈው ልኬት ነው፣ ርካሾቹ ላይ ዝም ብሎ ሉመን ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ከዛ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስመልሰው "የተሸጠ አይመለስም" አሉኝ። በጣም አዘንኩ፣ ለራሴ ቤት ሲኒማ ቢሆን ምንም አልነበረም፣ ለልጆች ብዬ የገዛሁት ስለሆነ ነው ያናደደኝ።

የምትገዙ ሰዎች በአላህ ይሁንባችሁ በቀን ብርሃን አስከፍታችሁ እዩ፣ በራሳችሁ ፍላሽ፣ አማርኛ ጽሑፍ ባለበት ፋይል፣ ስድስት ሰባት ሜትር ርቃችሁ ቆማችሁ አንብቡት። ስልክ በቀጥታ በገመድ ላገናኝ ካላችሁም ሁሉም ስልክ በቻርጅ ቀዳዳው ምስል አያወጣም፣ ገመዱን ከመግዛታችሁ በፊት ሞክሩት። እኔ አሁን መስኮቱ ላይ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ እሰቅላለሁ፣ ልጆቹ ናቸው ያመጡት፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ፣ ፕሮጀክተሩን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ ምስሉን አሳንሳለሁ፣ ሲያንስ ይደምቃል። በዚህ መንገድ ይሰራል። ስፒከር ግን ለብቻው ያስፈልጋል፣ የውስጡ ድምፅ ሶስተኛው ዴስክ ላይ ያልቃል።

መብራት ሲጠፋ፣ ይጠፋል፣ ላፕቶፑን በባትሪ ክፍሉን በሶስት ከፍዬ በየተራ እየጠራሁ አሳያለሁ፣ የቀሩት ግምታቸውን እየጻፉ ይጠብቃሉ። እንዳውም አንዳንዴ በዚህ መልኩ የበለጠ ይጠይቃሉ፣ ቅርብ ስለሆኑ።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ፔት 5 ከ5፣ ካን አካዳሚ ለአስተማሪ 5 ለኛ ክፍል 3፣ ፓወርፖይንት 4፣ ያ ፕሮጀክተር 1።

እና የቀረ አንድ ነገር። ያን የ92 ዲግሪ ቀን ኮምቦልቻ ቤተሰብ ያላት አንዲት ተማሪ ቴርሞሜትሩን ለቅዳሜና እሁድ አውሱኝ ብላ ወሰደች። ሁለት ብቻ ስላለን ፈራሁ፣ ግን ሰጠኋት። ሰኞ በጨርቅ ጠቅልላ መለሰችው፣ ስልኳ ላይ ቪዲዮ ቀርጻለች፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ እናቷ ማድቤት፣ ጥቁር ድስት፣ 94። ክፍሉ አጨበጨበ። እሱንና እኛ የቀረጽነውን አንድ ላይ አድርገን ቆርጠን አንድ ቪዲዮ ሰራን፣ 48 ሰከንድ ናት፣ የሚተርኩት ልጆቹ ናቸው፣ በአማርኛ፣ ከጀርባ የእትዬ ድምፅ ይሰማል። ዘንድሮ አዲሶቹን 9ኛ ክፍሎች ስጀምር የማሳየው እሷን ነው፣ ገና ቁጥሩ 90 ላይ ሲደርስ ፖዝ አድርጌ "ገምቱ" እላቸዋለሁ።